«ሲስተም የለም» ያስባልኩት እኔ ነኝ

በአገራችን በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ዓረፍተ ነገር ቢቆጠር «ሲስተም የለም» ከፊተኞቹ ተርታ ሳይሰለፍ አይቀርም። ገንዘብ ልናወጣ ስንሄድ ሲስተም የለም። ግብር ልንከፍል ስንሄድ ሲስተም የለም። መታወቂያ ልናሳድስ ስንሄድም እንዲሁ። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ እንኳ የጠፋው ምን እንደሆነ አታውቅም። የለም ተባለች፣ የለም አለችን።

እኔ ግን አውቀዋለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የሰው ሲስተም ስተክልና ስጠግን ኖሬያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ታዲያ የሌላ ሰው ጥፋት አይደለም። ባለፈው ዓመት በደባርቅና በዳባት በኩል ብዙ ሰው «ሲስተም የለም» ተብሎ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሲስተሙ ነበረ። መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከተመለሱት ሰዎች አንዷ ደግሞ አክስቴ ናት።

፩

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም አለ። ዋና ሰርቨሩ ጎንደር ነው፤ ቅርንጫፎቹ ወደ ሰሜን ተበትነዋል። እኔ ስቀጠር ሠራተኞቹ የሚሠሩት በጥቁር መስኮት ነበር። ጥቁር መደብ፣ አረንጓዴ ጽሑፍ፣ ማውስ የለ፣ ሥዕል የለ። ቁጥር ይመታሉ፣ ኢንተር ይላሉ፣ የደንበኛው ሂሳብ ይመጣል። ሠራተኞቹ «ጥቁሩ» ይሉት ነበር። ጣታቸው ለምዶታል፤ ዓይናቸው ደንበኛው ላይ ሆኖ እጃቸው ይሠራል።

እኔ ግን አፈርኩበት። በዚህ ዘመን፣ ሰው ሁሉ በስልኩ በቀለም ባሸበረቀ ገጽ በሚሠራበት ጊዜ፣ የኛ ሰዎች የአያቶቻችንን ኮምፒውተር የሚመስል ነገር ላይ ማፍጠጣቸው ውርደት መሰለኝ። ለአለቆቼ ጽሑፍ አቀረብኩ። «ዘመናዊነት» የምትለዋን ቃል ስንት ቦታ እንደጻፍኳት ባትጠይቁኝ ይሻላል። ተፈቀደልኝ። በብሮውዘር የሚከፈት፣ አርማ ያለው፣ ሰንጠረዥ የሚያወጣ፣ ፎቶ የሚያሳይ ገጽ ተሠራ። የሂሳብ መዝገቡ ያው የድሮው ነው፤ በሩ ብቻ ተቀየረ። ቅርንጫፎቹ በጥቁሩ መስኮት የሚገቡበትን መንገድ በገዛ እጄ ዘጋሁት። ሥራው ሲያልቅ ኬክ ቆርሰናል።

ዋናው መሥመር ደህና እስከሆነ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ባለፈው ዓመት መሥመሩ ተበላሸና ደባርቅ ያለው ቅርንጫፍ በሲም ካርድ ወደሚሠራው መጠባበቂያ ዞረ። መጠባበቂያዋ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነች ናት። ያ የኮራሁበት ገጽ በዚያች ክር ውስጥ ማለፍ አቃተው። ክቡ ምልክት ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ነጭ ይሆናል። ሠራተኞቹም የሚሉትን አሉ።

አክስቴ ያን ሰሞን ከተራራው ሥር ካለው መንደሯ በእግሯ ወጣች። ልጇ በወሊድ ታማ ወደ ጎንደር መወሰድ ነበረባት። ያጠራቀመቻት ብር አለች፤ ያንን ልታወጣ ነው። ሲስተም የለም ተባለች። አደረችና በማግስቱ ተመለሰች፤ የለም። በኋላ ስታጫውተኝ፣ ስትወጣ ለጥበቃው «ልጄ፣ ይኼ ሲስተም የምትሉት ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀችው። እሱም ከት ብሎ ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር። ሁለት በጎቿን በገበያ ዳር ለነጋዴ በግማሽ ዋጋ ሸጣ ልጇን ይዛ ሄደች።

፪

የአክስቴ ወንድ ልጅ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስካውት ነው፤ ያን ጊዜ ጨነቅ ካምፕ ነበር። ስልኩ አልነሳ ስላለ የእህቱን ነገር ልነግረው ወደ ጃናሞራ በሚሄድ አይሱዙ ተሳፍሬ ወጣሁ። ጨነቅን ለማታውቁ፣ ከደባርቅ ሳንቃበርን አልፋችሁ፣ ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከቧሂት ሥር የምትገኝ ቦታ ናት። ጅብራው ቆሞ፣ ጭላዳው መሬቱን ሲጭር፣ ዕድል ከቀናችሁ ዋልያው ከገደሉ አፋፍ ብቅ ሲል ታያላችሁ። ብርዱን ለማውራት ጋቢ የደረበ ሰው ያስፈልጋል።

የአክስቴ ልጅ ነገሩን ሰምቶ ዝም አለ። ቆይቶ «አንተ አይደለህ እንዴ እዚያ ቤት የምትሠራው?» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። መልስ አልነበረኝም።

ስካውቶቹ ስልክ ሲፈልጉ የሚወጡባት አንዲት ድንጋይ አለች። እዚያ ወጣሁ። ስልኬ አንድ መስመር ያዘች፤ ሁለተኛዋ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። ወዲያው ጥሪ ገባ። ደባርቅ ያለችው አንጋፋ የገንዘብ ቤት ሠራተኛ ናት። «ኧረ አንተ ልጅ የት ገባህ? ሰው ግቢውን ሞልቶታል፤ ዛሬ ደግሞ ገበያ ነው። ምን ልበላቸው?»

ስልኬ ላይ የተርሚናል መተግበሪያ አለኝ። ከሰርቨሩ ጋር በተቆለፈ መሥመር፣ በጽሑፍ ብቻ የሚያገናኝ ነው። በዚያች አንድ መስመር ሞከርኩ። አመጣልኝ። ግን ያመጣው ነገር ሰው የሚያነበው አልነበረም። ቅንፍ፣ ቁጥር፣ ጥያቄ ምልክት፣ ፊደል፣ እንደገና ቅንፍ። ጽሑፉ እላዩ ላይ ተደራርቦ የሕፃን ጫርጫር ይመስላል። ልቤ ቀጥ አለ፤ ሰርቨሩ የተበላሸ መሰለኝ።

ቆይቼ አስታወስኩ። መተግበሪያውን ሌላ ጊዜ ለሌላ ሥራ ደረቅ በሆነው ሞድ አድርጌው ነበር። ቅንብሩን ከፍቼ ወደ ተርሚናል ኢሙሌሽን ቀየርኩት፤ ዓይነቱንም «ቪቲ100» አልኩት። እንደገና ተገናኘሁ። ያ ሁሉ ቅንፍና ቁጥር ጠፋ። ዓምዱ በዓምዱ፣ ረድፉ በረድፉ ተደርድሮ ጥርት ያለ ገጽ መጣ።

ሰርቨሩ ምንም አልሆነም ነበር። እንዲያውም ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ሲስተሙ አለ! የሌለው፣ ያ የኔ ገጽ የሚያልፍበት ሰፊ መንገድ ነው።

፫

እዚህ ላይ ስለዚያች ቅንብር ትንሽ ላውራ፤ ነገሬ ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው።

ድሮ ኮምፒውተር አንድ ክፍል የሚሞላ ዕቃ ሳለ ሰዎች ከሩቅ የሚያዙት በቴሌፕሪንተር ነበር፤ የሚጻፍበት ቁልፍና ወረቀት ላይ የሚያትም ማሽን። ቴሌፕሪንተር የሚያውቀው ፊደል ማተምና መሥመር መውረድ ነው። በኋላ በወረቀቱ ፋንታ ስክሪን ሲመጣ ሌላ ችሎታ ተጨመረ፤ ወደ ላይ መመለስ፣ ከመሀል መጻፍ፣ ገጹን ማጽዳት። ይህን የሚያዝዘው ማዕከላዊው ኮምፒውተር ነው፤ ከጽሑፉ መሀል «ኢስኬፕ» የሚባል ምልክት ይልክና ትእዛዙን ያስከትላል። ለምሳሌ ኢስኬፕ፣ ግራ ቅንፍ፣ 2፣ ከዚያ «ጄ» ከተላከ፣ ስክሪኑን አጽዳ ማለት ነው። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቪቲ100 የተባለውን ተርሚናል እ.ኤ.አ. በ1978 አወጣ፤ 24 ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ 80 ፊደል። አጋጣሚ ሆኖ የሰሜን ተራሮች ፓርክም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በዚያው ዓመት ነው።

ያ ማሽን ዛሬ ሙዚየም ነው ያለው። ቋንቋው ግን አልሞተም። ዛሬ በስልካችንም ሆነ በላፕቶፓችን የምንከፍተው የተርሚናል መስኮት ያንን ማሽን መስሎ የሚናገር ፕሮግራም ነው። ኢሙሌሽን ማለት ይኸው ነው፤ አዲሱ አሮጌውን መስሎ መናገር። ደረቁ ሞድ ላይ ከሆነ የደረሰውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ይደረድረዋል፤ «ስክሪኑን አጽዳ» የሚለውን ትእዛዝም ራሱን አትሞት ያርፋል። እኔ ድንጋይዋ ላይ ያየሁት ያንን ነው። ሞዱ ሲቀየር ትእዛዙን ይፈጽመዋል። ሰርቨሩም በበኩሉ የሚያወራው ከምን ዓይነት ተርሚናል ጋር እንደሆነ መነገር አለበት። ሁለቱ ካልተስማሙ ጫርጫር ነው።

የዚህ አሮጌ ቋንቋ ትልቁ ጸጋ ክብደቱ ነው። 24 በ80 ሲባዛ 1,920 ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሙሉው ስክሪን ሁለት ኪሎባይት አይሞላም። እኔ ያሠራሁት ያ ያማረ ገጽ፣ ከነአርማው ከነፎቶው፣ ሁለት ሜጋባይት ገደማ ነበር። አንድ ሺህ ጊዜ ይከብዳል ማለት ነው። በሴኮንድ 40 ኪሎቢት በምታሳልፍ ቀጭን መሥመር ጥቁሩ ስክሪን ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። የኔው ገጽ ስድስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ ያውም ካልተቋረጠ። ተቋርጦ ነበር የሚቀረው።

አለቃዬን ከድንጋይዋ ላይ ደውዬ አስፈቀድኩ። የድሮው ፕሮግራም ከሰርቨሩ አልጠፋም፤ በሩን ነው የዘጋሁት። በተቆለፈው መሥመር ብቻ እንዲገባበት አድርጌ ከፈትኩት። ከዚያ ደባርቅ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ጥቁሩን ታስታውሺዋለሽ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ!»

ኮምፒውተሯ ላይ የተርሚናሉን መስኮት እንዴት እንደምትከፍት፣ ኢሙሌሽን የሚለውን ቪቲ100 እንድታደርገው ነገርኳት። አንዴ ተሳሳተች፤ ጫርጫር መጣባት። «ኧረ ይኼ የሰይጣን ጽሕፈት ነው!» አለች። ሁለተኛው ላይ ገባች። ስልኩ ውስጥ የቁልፎቹ ድምፅ ተሰማኝ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ ለአንዱ ባላገር «ስንት ነው የሚያወጡት አባባ?» ስትል ሰማሁ። ድንጋይዋ ላይ ቁጭ አልኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ የአክስቴ ሁለት በጎች ናቸው ዓይኔ ላይ የመጡት።

፬

ይህን የማወራው የኮምፒውተር ትምህርት ልሰጣችሁ ብዬ አይደለም። አገሩ በሙሉ እኔ የሠራሁትን ስሕተት እየሠራ ስለመሰለኝ ነው።

የምንኖረው መሥመር በሚቆረጥበት አገር ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት፣ ጭና ድረስ የደረሰበት አካባቢ ነው የኛ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በብዙ ቦታ ለወራት ጠፍቶ ቆይቷል። ያ ለምን ሆነ፣ ማን አደረገው፣ ትክክል ነበር ወይ የሚለውን በዚህ ቻናል ብዙ ተከራክረንበታል። ዛሬ የምጠይቀው ሌላ ነው። መሥመሩ ሲቀጥንና ሲቆረጥ ሥራው የማይቆመው የትኛው ነገር ነው?

ያን ጊዜ ያየነውን አስታውሱ። ስማርት ስልካችን ላይ ያሉት የባንክ መተግበሪያዎች ሁሉ ደንዝዘው፣ የስልክ ጥሪ በሚሠራባቸው ቀናት ግን ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ገበሬ ኮከብ 127 መሰላል፣ ኮከብ 847 መሰላል እያለ ብር ይልክ ነበር። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ሲጀመር መተግበሪያም ነበረው፣ ይህችም አጭር ቁጥር ነበረችው። ይህ ዘዴ ዩኤስኤስዲ ይባላል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ስልኩ ከማማው ጋር በሚነጋገርበት የምልክት መሥመር ነው የሚያልፈው። ሥራውን ካያችሁት ደግሞ ያው ጥቁሩ ነው። ማሽኑ ሩቅ ነው፣ ዝርዝር ይልካል፣ እናንተ ቁጥር ትመልሳላችሁ። የድሃ ሰው ተርሚናል ልትሉት ትችላላችሁ።

አሁን ግን ሁሉም ወደ መተግበሪያ እየሮጠ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ በድረ ገጽ ብቻ ይላል፤ ሌላው ፎቶ ስቀሉ ይላል፤ ሦስተኛው አዲሱን ስልክ ካልያዛችሁ አይከፍትም። አዲስ አበባ፣ ቦሌ ላይ ተቀምጦ የሠራው ሰው ሁሉም ሰው ቦሌ የሚኖር መስሎታል። አልፈርድበትም። እኔም ጎንደር ተቀምጬ ደባርቅን የረሳሁ ሰው ነኝ፤ ያውም የደባርቅ ልጅ ሆኜ።

፭

«በጽሑፍ ብቻ ይሁን ካልክ አማርኛውስ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጥቁሩ የሚያወራው እንግሊዝኛ ነበር፤ ሠራተኞቹ ቃላቱን እንደ ዳዊት ሸምድደው ነው የሚሠሩት። ቪቲ100 ፊደላችንን አያውቅም።

ግን ይህ ነገር አዲስ ፈተና አይደለም። በቴሌፕሪንተር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ያንን የፈረንጅ ማሽን በግዕዝ ፊደል እንዲጽፍ አድርገውታል። ኢንተርኔት በይፋ አገር ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የነበረው ፓዲስ በስልክ መሥመርና በሞደም ኢሜይል ያቀባብል ነበር። ቀጭን መሥመር ላይ ጽሑፍ ብቻ። በዚያው ዘመን አማርኛን በላቲን ፊደል ለመጻፍ የወጣ ሥርዓት ነበር፤ ስሙ ቢያስቅም «ሴራ» ነው የሚባለው። ዩኒኮድ ፊደላችንን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ምክንያቱ እያነሰ ሄዷል። የዛሬ ተርሚናሎች ትክክለኛ ፎንት ካገኙ አማርኛ ያሳያሉ፤ ሰፋፊ ፊደሎቻችን በጠባቡ ሳጥን ሲጨናነቁ ባያምርባቸውም ይነበባሉ።

«አማርኛ ይከብዳል» የሚለውንም እንመዝነው። አንድ አጭር መልእክት በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ይይዛል፤ በአማርኛ 70 ብቻ። ሲያዩት ከግማሽ በታች ነው፤ እኔም እንደዚያ እያልኩ ሠራተኞቹን እንግሊዝኛ ላይ ትቻቸው ኖሬያለሁ። ነገር ግን «ሰላም» ብሎ ለመጻፍ ለኛ ሦስት ፊደል ይበቃል፤ በላቲን አምስት ነው። አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም አብሮ ስለሚሸከም ጉዳቱ የሚወራለትን ያህል አይደለም። «ምረጥ» ብለን መጻፍ ከቻልን፣ አክስቴ ማንበብ ባትችል እንኳ አጠገቧ ያለው የስድስተኛ ክፍል ልጅ ያነብላታል።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡ የሙያ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልበል። ያማረውን ገጽ ሥሩ፤ እኔም እሠራለሁ። ግን ከጎኑ ቀጭን በር ይኑረው። መሥመር ሲቀጥን ገጹ ራሱ ፎቶውን ጥሎ ጽሑፉን ብቻ ይዞ ይምጣ። አጭሯን ቁጥር አትዝጓት። ሥራችሁን ስትፈትሹ ቢሯችሁ ባለው ፈጣን መሥመር ብቻ አትፈትሹት፤ አንድ ቀን ስልካችሁን ይዛችሁ አንድ መስመር ብቻ የምታገኙበት ኮረብታ ላይ ውጡ። ጥቁሩ ስክሪን ክፍት ይሁን ስል ደግሞ እንደ ድሮው ይለፍ ቃል በግልጽ የሚሄድበት ይሁን ማለቴ አይደለም፤ ዛሬ ያንኑ ጽሑፍ ቆልፎ የሚወስድ መንገድ አለ።

አለቆች ለሆናችሁ ደግሞ፣ እንደኔ ያለ ልጅ «ዘመናዊነት» የሚል ወረቀት ይዞ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። «መሥመሩ ሲበላሽ ሠራተኛዋ ለደንበኛው ምን ትለዋለች?» በሉት። እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቢጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

አሁን ሁለቱም በር ክፍት ነው። መሥመሩ ሲደክም ደባርቅ ያለችው እትዬ ሳትደውልልኝ ሞዱን ቀይራ ትገባለች። አዳዲሶቹንም አስተምራቸዋለች፤ «ጫርጫር ካያችሁ አትደንግጡ፣ ቪቲ በሉት» ትላቸዋለች አሉ።

የአክስቴ ልጅ በሰላም ተገላግላ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አክስቴ በቀደም ገንዘቧን አውጥታ ስትወጣ ለጥበቃው «ሰውዬው መጣ እንዴ?» አለችው አሉ። እኔ መሆኔን አልነገርኳትም። ሁለቱን በጎች ግን ተክቼ ሳልወስድላት ቤቷ ደጃፍ መቆም ከብዶኛል። ለፋሲካ እወጣለሁ ብዬ አስቤያለሁ።

ቸር እንሰንብት።